እጃችሁ መሪ ላይ፣ ላይቩ በራሱ፦ ቶርኔዶ ለምታሳድዱ የቀጥታ ስርጭት አመራረጥ

እስቲ ይህን አስቡት። አሜሪካ፣ ምዕራብ ካንሳስ ውስጥ ጠጠር መንገድ ላይ ናችሁ፣ ቶርኔዶ (ከደመና እስከ መሬት የሚደርስ ጠመዝማዛ አውሎ ነፋስ) እያሳደዳችሁ በስልካችሁ ላይቭ ታስተላልፋላችሁ። ሱፐርሴሉ፣ ቶርኔዶ የሚወልደው ግዙፍ ነጎድጓዳማ ደመና፣ በስተሰሜን ምዕራብ ቀስ እያለ ይሽከረከራል። ከሥሩ ያለው ደመና ዝቅ ብሏል፣ ንፋሱ ከኋላችሁ ተነስቶ አቧራውን ወደ እሱ ይስበዋል። ልክ በዚያች ደቂቃ ስልኩ ኔትወርክ አጣ፣ ላይቩም ተቋረጠ። አሁን የመረጣችሁት አገልግሎት ምን ያደርጋል? ዝም ብሎ ጠብቆ ኔትወርክ ሲመለስ በራሱ ይቀጥላል? ወይስ "እንደገና ለመጀመር እዚህ ይጫኑ" ይላችኋል?

ለእኔ የአመራረጡ ጉዳይ ሁሉ እዚህች ላይ ነው ያለው። የምስል ጥራት፣ የተመልካች ብዛት፣ ገንዘቡም ቢሆን ከዚህ በኋላ ነው የሚመጣው። እየነዳችሁ ስልክ እንድትነኩ የሚያስገድድ አገልግሎት ቤት ተቀምጦ ለሚሠራ ላይቭ ይሁን እንጂ ለማሳደድ አይሆንም።

ይህን የምለው ዝም ብዬ አይደለም። እ.ኤ.አ. ማርች 28 ቀን 2017 ቴክሳስ ውስጥ፣ ስፐር የምትባል ትንሽ ከተማ አቅራቢያ ሦስት አሳዳጆች ሞተዋል። የሞቱት በቶርኔዶ አይደለም፣ መስቀለኛ መንገድ ላይ ሁለት መኪኖች ተጋጭተው ነው። አንደኛው መኪና "ቁም" የሚለውን ምልክት ሳይቆም አልፎ ነበር፣ በዚያው ሰዓትም ላይቭ ላይ ነበር። ከዚያ አራት ዓመት ቀደም ብሎ ደግሞ ሜይ 31 ቀን 2013 ኦክላሆማ ውስጥ ኤል ሪኖ አጠገብ 4.2 ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት የደረሰ ቶርኔዶ በድንገት አቅጣጫውን ቀይሮ፣ ፍጥነቱንም ጨምሮ ለዓመታት ሲያሳድዱ የኖሩ ሦስት ሰዎችን ወስዷል። እንዲህ ያለ ነገር ፊታችሁ ቆሞ ስልክ የምታዩበት ሰከንድ የላችሁም።

እንግዲህ ወደ ሥራው እንግባ።

1. ለማን እንደምታስተላልፉ ቁርጡን እወቁ

ብዙ ሰው ይህን ዘሎ አፕ ማውረድ ይጀምራል። ግን መልሱ ምርጫችሁን በግማሽ ያቀልላችኋል።

ቤተሰብና ጓደኛ እንዲያያችሁ ብቻ ከሆነ ዩቲዩብ ላይ ሊንኩ ያለው ሰው ብቻ የሚያየው ላይቭ ከፍታችሁ ሊንኩን መላክ ይበቃል። ሌላ ጣጣ አያስፈልግም።

ሰፊ ተመልካች የምትፈልጉ ከሆነ ዩቲዩብ፣ ፌስቡክና ትዊች አሉ፣ እያንዳንዳቸውም የየራሳቸው በር አላቸው። ዩቲዩብ በስልኩ አፕ በቀጥታ ላይቭ ለመግባት ቢያንስ 50 ሰብስክራይበር ይጠይቃል፣ ከኮምፒውተር ወይም ለብቻው ከተሠራ የማስተላለፊያ አፕ ስትልኩ ግን ይህ ቁጥር አይጠየቅም። ላይቭን ለመጀመሪያ ጊዜ ስታስከፍቱ ፈቃዱ እስከ 24 ሰዓት ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ አውሎ ነፋስ የሚጠበቅበት ቀን ጠዋት ላይ አካውንት ልትከፍቱ ካሰባችሁ ያን ቀን እርሱት። ፌስቡክ ደግሞ ቢያንስ 60 ቀን የሞላው አካውንት ይፈልጋል፣ በገጽ ወይም በፕሮፌሽናል ሞድ ለሚያስተላልፍ ቢያንስ 100 ተከታይም ያስፈልጋል። ትዊች የጌም ሰዎች ሰፈር ነው፣ ግን እዚያ የሚያወሩበት ቻት ሕይወት አለው፣ ተመልካቹም ረጅም ሰዓት መቀመጥ የለመደ ነው። ምንም የማይታይበትን የአምስት ሰዓት ጉዞ አብሯችሁ የሚነዳ ተመልካች የምትፈልጉ ከሆነ ትዊችን አትናቁት።

ምስሉን ለቴሌቪዥን መሸጥ ከፈለጋችሁ ለአሳዳጆች ብቻ ተብለው የተሠሩ አገልግሎቶች አሉ። ካርታ ላይ መኪናችሁ ያለችበትን ያሳያሉ፣ የዜና ጣቢያዎችም ከዚያ መርጠው ይወስዳሉ። እነዚህን ስትመርጡ ዋናው ነገር ውሉ ነው፣ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

የአየር ጠባይ ባለሙያዎችን መርዳት ነው ዋና ሐሳቤ የምትሉ ካላችሁ ደግሞ ቪዲዮው ብቻውን አይበቃም። ናሽናል ዌዘር ሰርቪስ (የአሜሪካ መንግሥት የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት) የሚያስተባብረውን ስካይዋርን የሚባለውን የአውሎ ነፋስ ተመልካቾች ሥልጠና ውሰዱ፣ ስፖተር ኔትወርክ ላይም ተመዝገቡ። ስፖተር ኔትወርክ በጂፒኤስ ያላችሁበትን ቦታ ያሳያል፣ ያያችሁትን ሪፖርት ማድረግም ያስችላል። የአየር ጠባይ ቢሮው ሰው ያላየው ላይቭ ማንንም አያስጠነቅቅም፣ ሪፖርት ግን በቀጥታ ይደርሰዋል።

2. አፕሎዳችሁን መንገድ ላይ ለኩ

ቤታችሁ ሆናችሁ የለካችሁት ፍጥነት እዚህ ምንም አይነግራችሁም። መለካት ያለበት ማሳደጃው አገር ላይ ነው። የቴክሳስ ፓንሃንድል፣ ምዕራብ ኦክላሆማ፣ የነብራስካ ሳንድሂልስ፣ ሁሉም የነዋሪው ቁጥር አነስተኛ የሆነባቸው፣ የኔትወርክ ማማውም የተራራቀባቸው አካባቢዎች ናቸው። ስትለኩ ዳውንሎዱን ተዉትና አፕሎዱን እዩ። ከዚያ ያገኛችሁትን ቁጥር ለሁለት ክፈሉት። ግማሹ ነው የእናንተ።

ለምን ግማሽ? ጥሩ ሱፐርሴል ሲነሳ ብቻችሁን አይደላችሁም። በአንድ ጠባብ መንገድ ላይ በርካታ አሳዳጆች ይሰለፋሉ፣ ሁሉም ያንኑ አንድ ማማ ይጠቀማሉ፣ አብዛኛው እንደ እናንተው ቪዲዮ ይልካል። ጠዋት 6 ሜጋቢት በሰከንድ የሰጣችሁ ቦታ ማታ ላይ 1 እንኳ ሊነፍጋችሁ ይችላል።

ለ720ፒ (መካከለኛ ጥራት) ምስል ከ2 እስከ 2.5 ሜጋቢት በሰከንድ ቢኖራችሁ የሚታይ ነገር ታገኛላችሁ። ለ1080ፒ (ከፍ ያለ ጥራት) ቢያንስ ከ4 እስከ 6 ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪ ይሳሳታል፦ ዝቅተኛ ቢትሬት (በሰከንድ የሚላክ የዳታ መጠን) ይዞ 1080ፒ ይልካል። የሚወዛወዝ የስንዴ ማሳ፣ መስታወት ላይ የሚፈስ ዝናብ፣ የሚሮጥ የመንገድ ዳር ሣር፣ እነዚህ ሁሉ ቢትሬት ይበላሉ፣ ምስሉም ተቆራርጦ ትንንሽ አራት ማዕዘን ይሆናል። በዚያው ቢትሬት 720ፒ ብትልኩ ቶርኔዶው ራሱ በግልጽ ይታያል። ተመልካቹ የሚፈልገው እሱን ነው።

የዳታ ሒሳቡንም ሥሩ። በ2.5 ሜጋቢት በሰከንድ አንድ ሰዓት ላይቭ 1.1 ጊጋባይት ገደማ ይወስዳል። ስምንት ሰዓት ብትቆዩ 9 ጊጋባይት ነው፣ በአንድ ቀን። "ገደብ የሌለው" የሚባለው ፓኬጅ ብዙ ጊዜ ከተወሰነ መጠን በኋላ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ በተለይ በሆትስፖት ስትጠቀሙ። ውሉ ላይ ያለውን ትንሽ ጽሑፍ አንብቡ፣ የሆትስፖቱን ገደብ ለይታችሁ ፈልጉ።

3. ሲቋረጥ ምን እንደሚያደርግ ፈትኑት

ረጅሙ እርምጃ ይህ ነው፣ ምክንያቱም ሁሉም አገልግሎት ኔትወርክ ጥሩ ሲሆን ጥሩ ነው።

እኔ በመጀመሪያው ወቅቴ የምስሉ ጥራት ማርኮኝ የያዝኩት አገልግሎት ነበር። አንድ ማታ ኔትወርክ ለሦስት ደቂቃ ያህል ጠፋ። ሲመለስ አገልግሎቱ የድሮውን ላይቭ ዘግቶ አዲስ ሊንክ ከፈተ። የቀድሞውን ሊንክ ይዘው የነበሩት ሁሉ ባዶ ስክሪን ላይ ቀሩ፣ እናቴም ከእነሱ አንዷ ነበረች። መኪና ውስጥ ሆኜ ምን እንደተፈጠረ አላወቅኩም። እሷ ግን ቶርኔዶ አጠገብ እያለሁ ምስሉ ድርግም ሲል ነው ያየችው። ከዚያ ቀን ወዲህ ከምንም በፊት የማየው ይህን ነው።

ስለዚህ አራት ነገር ፈትኑ።

አንደኛ፣ በራሱ ይመለሳል? አፕሎድ እያደረጋችሁ ስልኩን የአውሮፕላን ሞድ ላይ አድርጉት፣ ለአምስት ደቂቃ ተዉት፣ ከዚያ ሞዱን አጥፉት። ከዚህ በኋላ እጃችሁን ሰብስባችሁ ተመልከቱ። ላሪክስ ብሮድካስተርን የመሳሰሉ ለማስተላለፍ ብቻ የተሠሩ አፖች በራሳቸው ደጋግመው እንዲሞክሩ ማድረግ ይቻላል። ኔትወርኩ ሲደክም ቢትሬቱን በራሳቸው ዝቅ የማድረግ አማራጭም አላቸው። ይህን ሁለቱን ሳታበሩ አትውጡ።

ሁለተኛ፣ ሊንኩ ያው ነው? ዩቲዩብ ላይ የላይቭ መቆጣጠሪያው ውስጥ ስርጭቱ ሲቆም ላይቩን በራሱ የሚዘጋ ማብሪያ አለ፣ አጥፉት። ያኔ ብትቋረጡም ላይቩ ክፍት ሆኖ ይጠብቃችኋል፣ ስትመለሱ በዚያው ሊንክ ይቀጥላል። ማታ ላይ ግን ራሳችሁ መዝጋት አለባችሁ፣ እንዳትረሱ። ትዊች ሲቋረጥ እስከ 90 ሰከንድ ድረስ በመሸጋገሪያ ስክሪን ይጠብቃል። 90 ሰከንድ ለከተማ ነው እንጂ ለነብራስካ አይሆንም። ያም ሆኖ የቻናሉ አድራሻ ስለማይለወጥ ተመልካቹ ያንኑ ገጽ ከፍቶ ቢጠብቅ ያገኛችኋል።

ሦስተኛ፣ ቅጂው ይቀመጣል? ፌስቡክ ከፌብሩዋሪ 2025 ጀምሮ አዳዲስ ላይቮችን ከ30 ቀን በኋላ ያጠፋል። ዩቲዩብ ከ12 ሰዓት በታች የሆነውን ላይቭ ያስቀምጣል፣ ከዚያ ካለፈ ግን አትመኑት። ትዊች ማስቀመጫው መብራቱን እናንተው ማረጋገጥ አለባችሁ፣ ቢያስቀምጥም ለተወሰነ ቀን ነው። የማንም ይሁን የማን ቅጂ አትደገፉበት፣ ምርጡን ምስል ሌላ ካሜራ ላይ ወይም እዚያው ስልክ ላይ ቅረጹ። የላይቩ ቅጂ ኔትወርኩ የቻለውን ያህል ነው፣ ካሜራው የያዘው ግን ሙሉው ነው።

አራተኛ፣ ሰው ሊረዳችሁ ይችላል? ቤት የተቀመጠ ጓደኛ የላይቩን ርዕስ ለመቀየር፣ ቻቱን ለመጠበቅ፣ አስፈላጊ ከሆነም ላይቩን ለመዝጋት የሚያስችል ፈቃድ ማግኘት አለበት። ዩቲዩብ ላይ የቻናል ፈቃድ ለሌላ ሰው መስጠት ይቻላል። እንዲህ ያለ ሰው ካላችሁ ግማሽ ሸክማችሁ ወረደ ማለት ነው። ቻት ማንበብ የእሱ ሥራ ይሁን፣ የእናንተ አይሁን።

4. በሳምንት ብዙ ቀን የምትወጡ ከሆነ መሃል ላይ ሰርቨር አስገቡ

አንድ ጊዜ ለመሞከር ለሚወጣ ይህ አያስፈልገውም፣ ወደ 5 ይለፍ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አብዛኞቹ አገልግሎቶች ምስሉን የሚቀበሉት አርቲኤምፒ በሚባል የቆየ መንገድ ነው። እሱ የጠፋውን ቁራጭ ሁሉ በቅደም ተከተል ካላደረሰ ወደፊት አይሄድም፣ ስለዚህ ኔትወርክ ሲንገጫገጭ ምስሉ ይደርቃል። ኤስአርቲ የሚባለው አዲሱ መንገድ ግን እናንተ የወሰናችሁለትን ጊዜ ያህል ይጠብቅና የጠፋውን እንደገና ያስልካል፣ ጊዜው ካለፈ ትቶት ይሄዳል። ለመንገድ ላይ ኔትወርክ እሱ ይሻላል።

እንግዲህ ስልኩ በኤስአርቲ ወደ አንድ ሰርቨር ይልካል። ሰርቨሩ ቤታችሁ ያለ ኮምፒውተር ሊሆን ይችላል፣ የኪራይም ሊሆን ይችላል። እዚያ ላይ ነጻ የሆነው ኦቢኤስ ፕሮግራም ይሠራል፣ ወደ ዩቲዩብ የሚልከው እሱ ነው። መኪናችሁ ከኔትወርክ ውጭ ስትሆን ኦቢኤሱ "ኔትወርክ የሌለበት አካባቢ ናቸው፣ ይመለሳሉ" የሚል ስክሪን ወይም የራዳር ምስል ያሳያል። ለዩቲዩብ ላይቩ አንድም ጊዜ አልተቋረጠም። ተመልካቹም አይደነግጥም። ይህን ዘዴ ያዳበሩት ከተማ ለከተማ እየዞሩ ላይቭ የሚሠሩ ሰዎች ናቸው፣ ለአሳዳጅ ግን በልኩ እንደተሰፋ ልብስ ነው።

ሁለት ኔትወርኮችን አንድ ላይ ማሰርም ይቻላል። ስፒዲፋይን የመሰለ አፕ በስልክ ይበቃል፣ ላይቭዩን የመሳሰሉት ደግሞ የዜና ጣቢያዎች የሚጠቀሙባቸው ለብቻቸው የተሠሩ ዕቃዎች ናቸው። ልብ በሉ፣ ሁለት ሲም ካርድ ማለት ሁለት ኔትወርክ ማለት አይደለም። ርካሾቹ ኩባንያዎች የትልቆቹን ማማ ነው የሚከራዩት። አንዱን ከቬራይዘን፣ ሌላውን ከኤቲ ኤንድ ቲ ወይም ከቲሞባይል ማማ አድርጉት።

ስለ ስታርሊንክ፣ በሳተላይት ስለሚሠራው ኢንተርኔት፣ ብዙዎች ይጠይቁኛል። ሜዳው ገላጣ ስለሆነ ሰማዩን ያያል፣ ማማ በሌለበትም ይሠራል፣ ሚኒ የሚባለው ትንሹ ዲሽ ደግሞ ኤሌክትሪክ ብዙ አይፈጅም። ድክመቱ ከባድ ዝናብ ነው። ከዝናቡ እምብርት ሥር ስትገቡ ሲግናሉ ይዳከማል። ዲሹን ትልቅ የበረዶ ድንጋይ ቢመታውም እንደ መኪናው መስታወት ሊሰበር ይችላል። ስለዚህ ከስልክ ኔትወርክ ጋር አብሮ እንጂ በእሱ ምትክ አልመክረውም።

5. ውሉን አንብቡ

ለአሳዳጆች የተሠራ አገልግሎት ከመረጣችሁ ሦስት ጥያቄ ይዛችሁ አንብቡ። ምስሉ የማን ነው? ለጣቢያ ሲሸጥ ስንት ይደርሰኛል፣ መቼስ ይከፈለኛል? ያንኑ ምስል ሌላ ቦታ ማስተላለፍ ወይም መሸጥ እችላለሁ? ሦስተኛው ላይ "አይቻልም" የሚል ካለ ለስንት ጊዜ እንደሆነ ፈልጉ። ለአንድ ቀን ከሆነ ይቻላል፣ ለሁልጊዜ ከሆነ ግን እኔ አልፈርምም።

ምስላችሁ ላይ ስማችሁን በጉልህ አስቀምጡ። ላይቭ ቀርጾ የራሱ አድርጎ የሚለጥፍ ሰው ሳይውል ሳያድር ይመጣል።

ሌላው ሙዚቃ ነው። የመኪናው ሬዲዮ ክፍት ከሆነ የሚሰማው ዘፈን በባለመብቱ ተይዞ ላይቩ ሊቋረጥ ወይም ቅጂው ሊዘጋ ይችላል። ሬዲዮውን ዝጉ። የአየር ጠባይ ማስጠንቀቂያ ሬዲዮ ግን ክፍት ይሁን፣ እሱን ተመልካቹም ቢሰማው ጥሩ ነው።

6. መዘግየቱን እወቁ፣ ንገሩም

ላይቭ የሚባለው በእውነት "አሁን" አይደለም። በተለመደው አሠራር ከ15 እስከ 30 ሰከንድ ይዘገያል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ዩቲዩብ መዘግየቱን የሚቀንስ አማራጭ አለው፣ ግን መዘግየቱ ባጠረ ቁጥር ደካማ ኔትወርክ ላይ ምስሉ ቶሎ ቶሎ ይቆማል። ለማሳደድ የተለመደውን አሠራር ምረጡ።

ግማሽ ደቂቃ ቀላል አይምሰላችሁ። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ቶርኔዶ በ30 ሰከንድ ከ650 ሜትር በላይ ይሄዳል። እዚያች ከተማ ያለ ሰው የእናንተን ላይቭ እያየ "ገና ሩቅ ነው" ብሎ እንዳይቀመጥ፣ ርዕሱ ሥር ምስሉ እንደሚዘገይና ሰው መከተል ያለበት ይፋዊውን ማስጠንቀቂያ እንደሆነ ጻፉ። በቃልም ደጋግማችሁ ተናገሩት።

7. ስልኩን ለሙቀቱ አዘጋጁት

ፀሐይ ላይ፣ የመኪናው መስታወት ላይ ተለጥፎ፣ ቻርጅ እየተደረገ፣ ቪዲዮ እየላከ ያለ ስልክ ይግላል። አፕል ለአይፎን የሚመክረው የአካባቢ ሙቀት እስከ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፣ ሜይ ላይ ደግሞ ዳሽቦርዱ ከዚያ ያልፋል። ስልኩን የአየር ማስወጫው ፊት የሚይዝ መያዣ ግዙ፣ ሽፋኑን አውልቁ፣ የስክሪኑን ብርሃን ዝቅ አድርጉ። ለላይቭ ብቻ የሚያገለግል ሌላ ስልክ ቢኖር ደግሞ የተሻለ ነው፣ የራዳሩና የካርታው ስልክ ያርፋል። ብዙ ስቴቶች እየነዱ ስልክ በእጅ መያዝን ይከለክላሉ፣ መስታወት ላይ የት መለጠፍ እንደሚቻልም ሕጉ ይለያያል፣ የምታልፉባቸውን ስቴቶች ሁሉ አስቀድማችሁ እዩ።

ላይቩን የምታቆሙበትም ጊዜ እንዳለ አትርሱ። ቶርኔዶ የመታው ሰፈር ከደረሳችሁ ላይቩን ዝጉ፣ መኪናውን ከመንገድ አውጡ፣ ለእርዳታ የሚመጡትን መንገድ አትዝጉ፣ የተጎዳ ሰው ካለ ወደ 911 ደውሉና እርዱት። ሰው ቤቱ ፈርሶበት ሲያለቅስ ፊቱን ላይቭ ላይ ማውጣት ተገቢ አይደለም። ቤት ያለው ጓደኛችሁ መዝጋት የሚችል መሆን ያለበት ለዚህም ነው።

8. ፀጥ ባለ ቀን ሙሉውን ሞክሩት

ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን ሁሉንም አስራችሁ ለሦስት ሰዓት ንዱ። ኔትወርክ እንደማይኖር የምታውቁትን መንገድ ሆን ብላችሁ ምረጡ። አንድ ሰው ቤት ሆኖ ላይቩን ይከታተል፣ የተቋረጠበትንና የተመለሰበትን ሰዓት ይጻፍ። ማታ ላይ ቅጂው መቀመጡን፣ ሊንኩ አለመቀየሩን፣ ድምፁ መሰማቱን፣ የወሰደውን ዳታ እዩ። ከመነሻ እስከ መድረሻ ስልኩን አንዴ እንኳ ለመንካት ከተገደዳችሁ ወደ ሦስተኛው እርምጃ ተመለሱ።